ማግኔቱ የመለሳት ጥይት

ለተከበሩ አቶ ኦርቪል ስቴነሩድ፣
የኮፐር ፎርክ የተኩስ ክበብ ሊቀመንበር፣
ሞንታና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤናና በመልካም ስሜት ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔና ባለቤቴ ማርሊስ እንቅልፍ ከማጣታችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለዋሉልን ውለታ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እንዳመሰግንዎ ይፍቀዱልኝ።

1. በክበቡ በር ላይ የሁላችንንም ጥይት በማግኔት ስለሚፈትሹ እናመሰግናለን። ውስጧ ብረት ያለባት ጥይት የብረት ዒላማ ሰሌዳዎችዎን ስለምትበሳ መከልከልዎ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። የጎረቤቴ የቬርሊን ታኬት ጥይት ማግኔቱ ላይ በተጣበቀች ጊዜ ግን፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ይቺን እዚህ አታምጣብኝ! ለቤትህ አስቀምጣት፤ ሌባው ፍሪጅ ጀርባ ቢደበቅ እንኳ ታገኘዋለች» ብለው መከሩት። ቬርሊን ሹም አክባሪ ነውና እንደተመከረው አደረገ።

2. ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ድብ የቬርሊንን የቆሻሻ በርሜል ገለበጠ። እሱም ሌባ መስሎት በተዘጋው የጓሮ በር ላይ ተኮሰ። ድቡ ደህና ነው። ጥይቷ ግን በሩን፣ አጥሩን፣ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳና የማርሊስን ትራስ በስታ ቁም ሣጥናችን ውስጥ ገባች። ማርሊስ ውሻችንን ለማስወጣት ገና ከአልጋ መውረዷ ነበር። ቬርሊን በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጥቶ «ማርሊስ! ኧረ በናትሽ አለሁ በይኝ!» ሲል፣ «አለሁ፤ ትራሴን ግን ገድለኸዋል» አለችው። ቀልዷ በዚያው አበቃ። አሁን ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ትነሳለች፤ ሲመሽም «አንተ፣ ዛሬስ የት ነው የምንተኛው?» ትለኛለች። እኔም ፍራሹን ወለል ላይ አነጥፋለሁ።

3. ይህንኑ ብናመለክትዎ «ከግቢያችን ውጭ የሆነ ነገር አይመለከተንም» የሚል ፈጣን መልስ ስለሰጡን ምስጋናችን የላቀ ነው።

በመጪው ቅዳሜ ለአዲስ አባላት ስለ ጥይት አመራረጥ እንደሚያስተምሩ ሰምቻለሁ። ድፍረት ካልሆነብኝ፣ ሙሉ በሙሉ መዳብ የለበሰችው ርካሽ ጥይት ለልምምድ የምትበቃው ከዒላማው ጀርባ የአፈር ክምር ስላለ መሆኑን ይንገሯቸው። ከቤት ግድግዳ ጀርባ ያለው ግን ሰው ነው። ስለዚህ ለቤት የሚመረጠው ጫፏ ተቦርቡሮ፣ ስትመታ ተከፍታ ኃይሏን ቶሎ የምትጨርሰው ናት። እሷም ብትሆን የሳንቃ ግድግዳን ልታልፍ ትችላለችና፣ ከወዲያ ማን እንደተኛ ሳያውቁ ቃታ እንዳይስቡ ያስጠንቅቋቸው። ማግኔትዎ ለሰሌዳ ያሳየውን ርኅራኄ ለሰውም እንዲያካፍል በትሕትና እለምናለሁ።

ለብረት ባለዎት አሳቢነት እየተደነቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣ በዚህ ሰሞን ወለል ላይ የሚተኛው አባልዎ፣

ሃርላን ቮት

ማሳሰቢያ፦ ቬርሊን በእኛ ላይ በደረሰው አፍሮ አልጋውን አዙሯል፤ ከእንግዲህ የሚጠብቀው የፊት በሩን ነው። ጥይቶቹን እርስዎ ካላዘዙት አልቀይርም ብሏል። ከፊት በሩ ትይዩ ያለው መኝታ ቤት የእርስዎ ነው።