መምህር ምናሴ ገድሉና ስም ያልወጣላት የደቅ ባክቴሪያ

መምህር ምናሴ ገድሉ ከአባታቸው ከአቶ ገድሉ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ደሞዝ በ1956 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ተወለዱ። ለትምህርት በታንኳ ተሻግረው ባሕር ዳር ዘመድ ቤት አደጉ። እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ተምረውም የአፈር ተሐዋስያን መምህር ሆኑ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ እናትዓለም ጋር በተክሊል ተጋብተው ዜማንና ግሩምን ወልደዋል።

ቁጡ ነበሩ። በተለይ ብልቃጥ ላይ ስም ሳይጽፍ የሚያስቀምጥ ተማሪ ወዮለት!

በ2010 ዓ.ም. የጣና ውኃ ሲሸሽ፣ አባታቸው ሽምብራ ይዘሩበት ከነበረው ዳርቻ አፈር አምጥተው አንዲት ባክቴሪያ ለይተው አራቡ። ዘረ መሏ ቢመረመር ከታወቁት ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። አዲስ ዝርያ ተብላ ስም እንዲወጣላት ግን ሕያው ናሙናዋ በሁለት አገሮች የተሐዋስያን ማከማቻ መግባት ነበረበት። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ስለተበላሸ፣ እስኪላኩ ድረስ ብልቃጦቹን ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታቸው ማቀዝቀዣ አኖሯቸው።

በዚያው ሰሞን ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ታናሽ እህታቸው ወለላ ለጠያቂ ቤት ላሰናዳ ብላ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ብልቃጦቹ ላይ ጽሑፍ የለም። የተበላሸ መድኃኒት መስሏት ደፍታ በፈላ ውኃ አጠበቻቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እርሷ ናት።

መምህር ምናሴ ሲሰሙ “አንቺ ምን አጠፋሽ? ስም ሳልጽፍበት ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ” አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አራት ጊዜ ደቅ ተመላለሱ፤ ባክቴሪያዋ አልተገኘችም። የኩላሊት እጥበት ከጀመሩ ወዲህ በጀልባ መሻገርም ቀረ። ከመጀመሪያው አፈር አንዲት ጭብጥ ተርፋ ነበር፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሊነኳት አልደፈሩም። ቀኑንና ቦታውን በከረጢቷ ላይ በጉልህ ጽፈው፣ ከሰው ሁሉ መርጠው ለወለላ በአደራ ሰጧት።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እህታቸውን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ሁላችን አፈር እናለብሳቸዋለን። ወለላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ግን ከመቃብሩ አትጨምርም፤ ከቀብር መልስ፣ ባክቴሪያዋ ዳግም እንድትፈለግበት፣ ለተማሪያቸው ለኪዲ ታስረክባለች።

እግዚአብሔር የሚለብሱትን አፈር ገለባ ያድርግላቸው፤ ስማቸውንም በሕይወት መጽሐፍ በጉልህ ይጻፍልን። አሜን።