አንቺ በለኝ

ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር
ጥር 2014 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ እናት፤

እንደምን ከረሙ? ያ ሁሉ ወሬ እዚህ ድረስ ሲመጣ ጤናዎ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልን ስንጨነቅ ነው የከረምነው። ጉልበትዎስ? ልጅዎ ገነነ ክረምት ሲገባ እንደሚያስቸግርዎ ይነግረኝ ነበር። ቤቱ አልተነካም? ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው? ጥምቀትን ታቦት አጅበው ዋሉ? እኔ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ደህና ነኝ እንበል።

ይህ ደብዳቤ ሁለተኛ ነው የሚደርስዎት። የመጀመሪያው የዘሩባቤል አፍ ነው። ዘሩባቤል የወልድያ ልጅ ነው፤ እዚህ ከእኛ ጋር ግንበኛ ነው፤ በኳስ ቡድናችንም በቀኝ መስመር ይጫወታል። ቆቦ እንደገባ መጀመሪያ ጎረቤትዎን እንዲያናግር፣ ሰው አሰባስቦ በማለዳ ደጅዎ እንዲደርስ፣ ለቅሶው በረድ ሲል ደግሞ ይህን እንዲያነብልዎ አደራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ይህ ሲነበብ እርስዎ ያውቃሉ። ያን ቃል እኔ አልጽፈውም። እጄም አይታዘዘኝ፣ ወጉም አይደለም።

እኔን በድምፄ ያውቁኛል። ገነነ በስልክ ሲያወራዎት ከኋላ ሆኜ ሽሮው አረረ እያልኩ የምጮኸው ነኝ። ጦርነቱ ሳይጀመር አንድ ቀን ስልኩን አቀበለኝና እርስዎ፣ እርስዎ እያልኩ ስንተባተብ ሳቁብኝ። ከአነጋገሬ አገሬንም ወዲያው ለዩት። ከእኛ ወዲያ ነህ አይደል፣ እናትህ እኮ ጎረቤቴ ናት በለኛ፣ ከእንግዲህ አንቺ በለኝ፣ እናቱን አንቱ የሚል ልጅ አላውቅም አሉኝ። እሺ አልኩ፤ አፌ ግን እምቢ አለ። ገነነ ከዚያ ወዲህ መሳቂያ አደረገኝ። ልብስ ስናጥብ ሳይቀር፣ እርስዎ፣ ሳሙናውን ቢያቀብሉኝ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ የእናቴ ስልክ ጠፋ፤ በተከታዩ ክረምት ደግሞ የእርስዎ። ገነነ ከሥራ ስንወጣ ሁለቱንም ቁጥር ይሞክራል፤ ሁልጊዜ የእኔን እናት አስቀድሞ። ከአገር ቤት ክፉ ወሬ በመጣ ቁጥር በቡድናችን ውስጥ መኮራረፍ ሆነ፤ አንዳንዱ ከእኔ ጋር መብላት ተወ። ገነነ ግን ብድግ አለ። የእኔን ሳህን አንስቶ ከእሱ አጠገብ አስቀመጠና፣ ብላ፣ በረኛ ሲከሳ ጎሉ ይሰፋል አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ በማግስቱም አብረን በላን። የእርስዎ ልጅ እንዲህ ያለ አምበል ነበር።

መስከረም ላይ በርበራ ሄደን ተጫወትን፤ አሸነፍን። ይህን መቼም መስማት አለብዎት፤ የማሸነፊያውን ጎል በቴስታ ያገባው እሱ ነው። ስንመለስ የተሳፈርንባት ፒክአፕ ተገለበጠች። ገነነና ሁለት ሌሎች የቡድናችን ልጆች ከዚያ መንገድ አልተነሱም። አልተሠቃየም፤ ዘሩባቤል እጁን ይዞት ስለነበር ይምልልዎታል። ያለ ጸሎት ቀረ ብለው እንዳያዝኑ፤ ታሪኩ የሚባል ጓደኛችን ዲያቆን ነው፤ መጽሐፍ ባይኖረውም በቃሉ የሚያውቀውን ሁሉ ጸለየለት። አከራያችን ሀዎ፣ ሙስሊም አሮጊት ናት፣ ነጩን ጨርቅ ራሷ አመጣች፤ ኢና ሊላሂ እያለች አብራን አለቀሰች። እስካሁንም ቤቷ የቀረነው ሁለት ሆነን ሳለ፣ ገነነ ይወደው የነበረውን ሻይ ሦስት ብርጭቆ አድርጋ ትልክና ተሳስታ መሆኑ ሲገባት አንዱን ራሷ መጥታ ትጠጣዋለች።

ኳሱን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል አልነካነውም። ሜዳችን አየር ማረፊያው አጥር አጠገብ ነው፤ ከሥራ ስንመለስ በዚያ ላለማለፍ ዞረን እንሄድ ነበር።

ኅዳር ላይ ናዋል የምትባል ልጅ መጣች። የዚሁ አገር ተወላጅ ናት፤ ግን አዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል ስላደገች አማርኛዋ እኛን ያስንቃል። ጓደኞቹን ያጣ የኳስ ቡድን እንዴት ተመልሶ ሜዳ እንደሚገባ የሚያሳይ ድራማ ፊልም ጽፋለች። ተዋናዮቹ እናንተ ሁኑ ስትለን ተቆጣን። ዘሩባቤልማ አካፋውን አንስቶ ነበር። እሷ ግን አልሄደችም። እየመጣች ሻይ ትጠጣለች፣ ስለ ሦስቱ ልጆች ትጠይቃለች። ከእሷ በፊት የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም እርስ በርስ እየተፈራራን ስማቸውን አንጠራም ነበር። አንዴ ማውራት ከጀመርን በኋላ ማን ያቁመን! እንዲህ እንዲህ ስንል ሳናስበው ሜዳው ላይ ተገኘን።

ገነነን ሆኜ እንድሠራ እኔ ተመረጥኩ። ቁመታችን አንድ ነው፤ ማልያውም ልኬ ነው። ናዋል፣ ሲጫወት ፊቱ ምን ይመስል ነበር ብትለኝ፣ አላውቀውም አልኳት። በረኛ ነኝ፤ ሜዳ ላይ የማውቀው ጀርባውን ነው፤ አራት ቁጥርን። ጀርባውን ግን ይጠይቁኝ! ኳስ ሊመጣ ሲል ቀኝ ትከሻውን ከፍ ያደርጋል። ጎል ሲገባብኝ ዞሮ አያየኝም፤ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ልኮ ያወዛውዝልኛል፤ አይዞህ ማለቱ ነው። ያንን ሳሳያት ናዋል ካሜራውን ከኋላዬ አቆመች። በፊልሙ ውስጥ ልጅዎ ከጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ እንዳይከፋዎት።

ነገር የመጣው የእናትየው ክፍል ሲደርስ ነው። ናዋል እንደጻፈችው አንዱ ተጫዋች ለእናትየው ስልክ ደውሎ ይነግራታል። ሁላችንም በአንድ አፍ ጮኽን። መርዶ በስልክ! ልጅቷ ግራ ገባት፤ በእኛ ዘንድ ወሬው ቶሎ መድረስ አለበት፣ ቀብርም አይዘገይም፣ ምን አጠፋሁ አለች። ዲያቆኑ ታሪኩ አስቀምጦ አስረዳት። እናት ብቻዋን ሆና አይነገራትም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ከጎኗ ቆሞ ነው አላት። ድርሰቱን አስቀየርናት።

እናት ሆና የሠራችው ውድነሽ ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የአገራችን ልጅ። ገና ወጣት ስለሆነች ፀጉሯን በዱቄት አሸበትነው። ጎህ ሲቀድ ያለንን ጋቢና ሽርጥ ተከናንበን ደጇ ተቀመጥን። በሩን ስትከፍት ማልቀስ ነበረባት። አላለቀሰችም። ምነው ልጆቼ በዚህ ብርድ፣ ግቡ እንጂ፣ እናቶቻችሁ ደህና ናቸው ወይ፣ ምን ላብላችሁ እያለች፣ መቀመጫ እያራገፈች፣ አንድ በአንድ እየሳመችን የመናገሪያ ፋታ ነሳችን። እርስዎ ያውቁታል፣ ነገሩ ገብቷታል፤ እንዳንናገር ነው የምትሮጠው። ቃሉን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ዘሩባቤል ቀድሞ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁላችንም። ቃሉ ሳይነገር ቀረ፤ ናዋልም እንደዚሁ ይሁን ብላ ካሜራውን ዘጋች።

እንባችን ሲደርቅ ነው ያደረግነው የታየን። ለፊልም እናት ወግ ጠብቀን፣ ማልደን፣ ተከናንበን ደረስንላት። እውነተኛዋ እናት ቆቦ ላይ ልጄ ይደውላል ብላ ተቀምጣለች። ከዚያ በኋላ ማናችንም ካሜራ ፊት ልንቆም አልቻልንም። የቆቦ መንገድ እስኪከፈት ጠበቅን፤ ተከፈተ ሲባል ዘሩባቤል ሥራውን ትቶ በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል እገባለሁ አለ። እኔ ነበርኩ መምጣት የነበረብኝ። ግን እንደኔ የሚናገር ሰው በዚያ መንገድ በዚህ ጊዜ አያልፍም። ከእርስዎ ወዲያ ወደ እናቴ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አሁንም ዝግ ነው።

የልጆቹን መልእክት ልንገርዎ። የፊልሙ የመጨረሻ ጨዋታ አልተቀረጸም። እኛም ያለ ፊልም፣ ለራሳችን፣ አንድም ቀን አልተጫወትንም። ከሐዘን የሚያወጣን ትልቅ ሰው እዚህ የለንም። እርስዎ በዘሩባቤል በኩል ልጆቼ ተጫወቱ ካሉን እንጫወታለን፤ ይቅርባችሁ ካሉንም ኳሱን እናስቀምጣለን፤ ማናችንም ቅር አይለንም። ማልያውን ናዋል ለመጨረሻው ክፍል ትፈልገው ነበር። ለቅሶ ላይ የሚያዝ ልብስ እንደሌለዎት ስንነግራት ግን አጣጥፋ በእጇ ለዘሩባቤል ሰጠችው።

እንግዲህ የራሴ ቀረኝ። ገነነ ቢሰማኝ በሳቅ ይሞት ነበር፤ ልሞክረው።

እማዬ፣ በከተማሽ ያለፈውን ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ እንደኔ ያለ አነጋገር መስማት ላትፈልጊ ትችያለሽ። አንቺ በለኝ ያልሽኝ ያኔ ነው፤ ዛሬም እንደዚያ ትዪ እንደሆን አላውቅም። ፈቃድሽን ብታነሺብኝም አልቀየምም። ግን አንድ ነገር ሳልነግርሽ ማልያውን እንድታቅፊው አልፈልግም። ከጨዋታው በኋላ አውልቆት ነበር፤ የበርበራው ላብ እንዳለበት ነው፤ አላጠብነውም። ለፊልሙ ደግሞ እኔ ለብሼው ብዙ ቀን ሮጫለሁ። ስታሸቺው ሁለት ሰው ነው የሚሸትሽ፤ አንዱን አንቺ ታውቂዋለሽ። የእኔን ለይተሽ ማጠብ ብትፈልጊ አይሆንልሽም፤ ከታጠበ የእሱም አብሮ ይሄዳል።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደጅሽ ሰው አይጣ። ክፉ ወሬ ከእንግዲህ በርሽን አይምታ። የእኔም እናት ስልክ የተከፈተ ቀን መጀመሪያ ስላንቺ ነው የምነግራት።

ልጅሽ