የአባባ የጃፓንኛ መጽሐፍ

ይድረስ ለወንድሜ ለደገፉ። የጌታ ሰላም እዚያው ጃፓን ድረስ አንተንም ቤተሰብህንም ይጎብኝ። እኛ ሶዶ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

የላክሃቸው የጃፓንኛ ማንበቢያዎች ደርሰውናል። አባባ የልጅ ልጃቸውን ሶልያናን በምታውቀው ቋንቋ ለማናገር ብለው ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ያነባሉ። ለጀማሪ የተዘጋጀችውን፣ ስለጠፋች ድመት የምታወራውን ቀጭን መጽሐፍ በሁለት ሳምንት ጨረሱ። ከዚያም ድሮ ቦምቤ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ በተማሪ ደብተር ላይ እንደሚጽፉት፣ መጨረሻዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» ብለው ጻፉ።

ቀጣዩን ደረጃ ስሰጣቸው ግን «ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው» ብለው ድመቷን እንደገና ያዙ። አሁን ለአራተኛ ጊዜ እያነበቧት ነው። ድመቷ ስትገኝ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይደሰታሉ። ትናንት ያቺን «ጎበዝ» አይተው «ማን ጻፈው? የእጅ ጽሑፉ ያምራል» አሉኝ።

የሶልያናን ፎቶ ባሳያቸው «የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የደገፉ ናት፣ አባባ።»

«ደገፉ ገና ተማሪ አይደል እንዴ?»

ሻይ ላፈላ ገባሁ።

ወንድሜ፣ ሌላ መጽሐፍ አትላክ። ለገና እመጣለሁ ያልከውን ግን ከተቻለህ ወደዚህ ወር አምጣው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ለፈተናህ በርትተህ አጥና ይሉሃል።

አክባሪህ እህትህ ብሩክታይት