ሳይጠራ ደቦ የመጣው

ኅዳር 9 ቀን 2011፣ ጎጆ ከተማ አጠገብ

ዛሬ ድንቼን በደቦ አስቆፈርኩ። ረፋዱ ላይ ያ ተኩላ መጣ፤ ባለፈው ሳምንት ግልገሌን የበላብኝ። ዱላ አንስቼ ልሮጥ ስል ጎረቤቴ ኦቦ ቶለራ ክንዴን ያዙኝ።

ተኩላው በጎቹን ዞር ብሎም አላየ። ከተቆፈረው አፈር ሲሸሽ ያገኘውን ፍልፈል ዋጥ ስልቅጥ አደረገው። ክረምቱን ሙሉ ድንቼን ሲጨርስብኝ የከረመውን ፍልፈል! ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ።

“ተይው፣ እሱም ደቦ ነው የመጣው” አሉኝ ኦቦ ቶለራ።

“ማን ጠርቶት?” አልኩ። ንዴቴ ገና አልበረደም።

“ደቦ የመጣን ደግሞ አብልቶ መሸኘት ነው እንግዲህ።”

“የሱን ምሳማ ባለፈው ሳምንት አስቀድሞ በልቷል!”

ከአፌ ሲወጣ እኔም ሳቄ መጣ።

ኦቦ ቶለራ ነገ አምቦ ሲወርዱ ለተኩላው መርዝ እንዲገዙልኝ ለምኛቸው ነበር። አመሻሽ ላይ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ መርዙ ይቅር፣ የበጎቹን በረት የማጥርበት ሽቦ ያምጡልኝ አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

ግልገሌ አሁንም ታሳዝነኛለች። ለከርሞም ግን ድንች እተክላለሁ። ደቦ ስጠራ እሱም ይመጣ ይሆን?