ሙሽራ ያላስጠበቁት ወይዘሮ ውዴ ተሰማ

ወይዘሮ ውዴ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወርቅነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘቢደር ገብሬ በ1972 ዓ.ም. በዝዋይ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚያው ተምረዋል። በ1994 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌሩ ከአቶ ባንቲሁን አለሙ ጋር ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ትርሲትን ወለዱ።

በ1998 ዓ.ም. በአንድ የአበባ እርሻ ተቀጠሩ። ወደ ውጭ የሚላክ ጽጌረዳ እምቡጡ ሳይፈታ መቆረጥ ስላለበት፣ አምስት ዓመት ሲያሳድጉት የኖሩትን አበባ ፈክቶ ያዩት ከስንት አንዴ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ባለቤታቸውን ተከትለው ወደ ጅቡቲ መጡና ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት ሠሩ። ለእንግዶች ገበታ አበባ ሲያሰናዱ ያዩ ሴቶች ለየሰርጋቸው ይጠሯቸው ጀመር።

በ2009 ዓ.ም. በካርቲዬ ሁለት ሰፈር የራሳቸውን የአበባ ሱቅ ከፈቱ። ጽጌረዳው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ይቆያል፤ የሰርጉ ዕለት ለብ ባለ ውሃ ይፈታል። የሙሽራ መኪና፣ የኤምባሲ ግብዣ፣ የፍቅረኞች ቀን፣ የሕፃን ልደት ያለ እርሳቸው እጅ አይደምቅም ነበር። በሐምሌ ሙቀት ካፖርት ደርበው ከቀዝቃዛው ክፍል ሲወጡ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙኒራ፣ «ውድዬ፣ እኛ እየቀለጥን አንቺ አውሮፓ ነሽ!» እያሉ ያስቋቸው ነበር።

ኅዳር 2017 ዓ.ም. ሳል ጀመራቸው። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ሁላችንም የክፍሉ ብርድ ነው አልን፤ እርሳቸውም ሻርፕ ጨመሩ። ልጃቸው ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው፣ «ሙሽራ ቀኗን አትቀይርም፤ ሐኪም የትም አይሄድም» አሉ። እስከ ፍቅረኞች ቀን፣ እስከ የካቲት ሰባት ታገሡኝ ብለው ለመኑን፤ ታገሥናቸው። በዚያ ሳምንት ልጃቸውም አጠገባቸው ተቀምጣ ሪባን ስታስር ሰነበተች እንጂ እጃቸውን ይዛ አልወሰደቻቸውም።

መጋቢት ላይ ሲመረመሩ የሳንባ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ተሰራጭቶም ነበር። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስላቸው ጠየቁ። ኅዳር ስንላቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ወይዘሮ ውዴ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና መርዶው ገና ያልደረሳቸውን አሮጊት እናታቸውን ጥለው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ። መታገሥ ባልነበረብን ጊዜ የታገሥነውን እኛን ደግሞ ይቅር ይበለን።