የዶክተር ላማራ ክቪርክቬሊያ ሕይወትና ሦስተኛው ብልቃጥ

ዶክተር ላማራ ክቪርክቬሊያ ከአባታቸው ከባቡር ነጂው ከቫርላምና ከእናታቸው ከመድኃኒት ቀማሚዋ ከጉልቻራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1954 በጆርጂያ፣ በዜስታፖኒ ከተማ ተወለዱ። በ1976 ከትብሊሲ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቀው፣ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች በሚጠኑበት ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ከዚያ አልወጡም። በ1979 መሐንዲሱን ታማዝን አግብተው ማክቫላንና ቤሶን ወለዱ።

መብራት በጠፋባቸው የዘጠናዎቹ ክረምቶች የቫይረስ ብልቃጦቹን በረንዳቸው ላይ በረዶ ውስጥ አቆዩ። በብልቃጦቹ ላይ ተለጥፈው የረጠቡትን ምልክቶችም በእጃቸው እንደገና ጻፉ። ስህተቱ የተፈጠረው ያኔ ነው። በእኛ በጆርጂያ ፊደል «ቨ» ተብሎ የሚነበበው ፊደልና ቁጥር 3 በእጅ ሲጻፉ አይለዩም። ከቬሬ ወንዝ የተገኘው ቫይረስ «ቨ» በቁጥር 3 ስምም ስለተመዘገበ፣ አንዱ ቫይረስ ሁለት መሰለ።

ቫይረስ በመልኩ ሳይሆን በፕሮቲኖቹ ተመሳሳይነት መመደብ ሲጀመር፣ ዶክተር ላማራ «ቨ» እና ቁጥር 3 አንድ አዲስ የቫይረስ ቤተሰብ ናቸው አሉ። ባለፈው ሴፕቴምበር የፕሮቲኖቹ ንጽጽር መጣ፤ ሃምሳ ስምንቱም አንድ ሳይቀር ገጠሙ። ባልደረቦቻቸው ጨፈሩ። እሳቸው ግን ደነገጡ።

«እመቤት ላማራ፣ ወይኑ ተቀድቷል እኮ! ነገ ቢያበላሹት ምን አለ?» አላቸው ረዳታቸው ዙራብ።

«ዘመዳሞች እንዲህ አይመሳሰሉም፤ ይሄ ያው አንዱ ቫይረስ ራሱ ነው። ወይኑን ጠጡት፣ ለመጽሔት የላክነውን ጽሑፍ ግን መልሱት!»

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማቀዝቀዣውን በርብረው፣ ከባቱሚ ወደብ የመጣውን እውነተኛውን ሦስተኛ ብልቃጥ አገኙ። ለፕሮቲን ንጽጽር ልከውትም ውጤቱን ይጠብቁ ጀመር። የአዲሱ ቫይረስ ቤተሰብ መኖር አለመኖር በዚያ የሚለይ ነበር።

ታመው አያውቁም። ኦክቶበር 15 ቀን 2024፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የቤተ ሙከራውን ደረጃ ሲወጡ ልባቸው ቆመ። ሰባ ዓመታቸው ነበር። ከአሥር ደቂቃ በፊት ዙራብን በስልክ ስለ ማቀዝቀዣው በር እየተቆጡት ነበር። እስካሁን ማመን አልቻልንም።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ። ከሃምሳ ስምንቱ ፕሮቲኖች አንዱ ብቻ ተመሳሰለ፤ ቤተሰብ የሚባል ነገር የለም። በዚህ የሕይወት ታሪክ ላይ «የአዲስ ቫይረስ ቤተሰብ መሥራች» የሚል መስመር ነበር። ባለቤታቸው ታማዝ አንብበው፣ «ሰርዙት። እሷ ብትሰማ እዚሁ ተነስታ ትጮህብን ነበር» አሉ። ሰርዘነዋል።

ዶክተር ላማራ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ናርጊዛን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ሳንሰናበታቸው ለቀረነው ለእኛም ይህን ድንጋጤ የምንችልበት አቅም ይስጠን።