ስለ ሀሌሉያ ግራ እጅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ወይዘሮ ቡርቱካን፣
የሠፈራችን የሕዝብ አፀደ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት፣
ጉለሌ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ቀኝ እጅዎ ደህና ነው? ግራውንም ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በእርስዎ ግቢ የግራ እጅ ስም ለክፉ ካልሆነ በቀር እንደማይነሣ ስለማውቅ በዝምታ አልፌዋለሁ። እኔ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሠርቼ የማድረው፣ በኬጂ ሁለት የምትማረው የአምስት ዓመቷ ሀሌሉያ አባት ይገዙ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ አድርሼ መቅረት እችል ነበር፤ ሆኖም ውለታዎ በሁለት ሰው መካከል ተደብቆ እንዲቀር ኅሊናዬ ስላልፈቀደ፣ ቅጂውን በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሪባኑ። ሀሌሉያ መስከረም ላይ ወደ እርስዎ ስትመጣ እርሳስ የምትይዘው በግራ እጇ ነበር። ማንም አላስተማራትም፤ እንዲሁ ተፈጠረች። የስሟን መጀመሪያ «ሀ»ን ቀድማ ስላወቀች በቤታችን በር ላይ፣ በሽመና ዕቃዬ እንጨት ላይ፣ አንድ ቀንም በተኛችው እናቷ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋለች። እርስዎ ይህን እጅ ባዩ ጊዜ፣ በጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ከወንበሩ ጋር እንዲታሰር፣ ማሰሪያም እንዳይቸግር የገዛ ፀጉሯ ነጭ ሪባን ተፈትቶ እንዲያገለግል አዘዙ። ብልሃትዎን አደንቃለሁ። እናቷ አስቻለች ግን ይህን አታውቅም ነበርና፣ ሪባኑ በየቀኑ ተጨማዶ ከልጅቱ ኪስ ሲወጣ፣ «እኔ በጠዋት ተነሥቼ የምሠራሽ አንቺ እንድትፈቺው ነው?» እያለች ትቆጣት ነበር። ልጅቱም ለቤተሰብ የተናገረች እንደሆነ ከክፍል እንደምትባረር ስለተነገራት አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ። አስቻለች ያን ቁጣዋን ባስታወሰች ቁጥር ዛሬም ታለቅሳለች። እናት ሳታውቅ የገዛ ልጇን እንድትበድል ስላደረጉልን፣ የማመሰግንበት ቃል ቸግሮኛል።

2ኛ. ስለ ሽርሽሩ። ልጆቹ ሁሉ ለሽርሽር ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሲሄዱ፣ በቀኝ እጇ አንድ ገጽ መሙላት ያቃታት ልጄ ከዘበኛው ጋር ቀርታ «ሀ» እንድትጽፍ ስላደረጉ እግዜር ይስጥልኝ። ዛፍ የትም አለ።

3ኛ. ስለ ፍየሎቹ። በክፍል ፊት አቁመዋት፣ ቀኝ የበጎቹ ወገን፣ ግራ የፍየሎቹ ወገን መሆኑን ስላስረዱልኝ፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቻችንን ድካም ቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ልጄ በቤተ ክርስቲያን ሲዘመር አታጨበጭብም፤ ግራ እጇን ከሥሯ አድርጋ ትቀመጥበታለች። አንድ ቀን ከአምልኮ ስንመለስ፣ «አባዬ፣ ይህችኛዋ እጄ ፍየል ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። የምትጠይቀኝ ከምሯ መሆኑ የገባኝ ጎንበስ ብዬ ፊቷን ሳየው ነው።

4ኛ. ስለ ምክርዎ። ኅዳር ላይ ልጄን ለክትባት ልወስዳት ሳልጠራ በደረስሁበት ቀን፣ ነገሩን በክፍሉ መስኮት አይቼ፣ ማሰሪያውን በራሴ እጅ ፈትቼ ወደ ቢሮዎ ገባሁ። አልጮኽሁም። ግራኝ መሆን በደል እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ «አቶ ይገዙ፣ ክሩን እርስዎ ይያዙ፣ ፊደሉን ለእኛ ይተዉልን» አሉኝ፤ ጸሐፊዎም ሳቀች። እውነትዎን ነው፣ ክብርት ሆይ፤ እኔ የማውቀው ክር ነው። በእኛ ሥራ መወርወሪያውን ቀኜ ሲወረውር ግራዬ ይቀልባል፣ ግራዬ ሲወረውር ቀኜ ይቀልባል፤ አንዱን ያሰረ ሸማኔ ጋቢ አያወጣም። ይህን ልነግርዎ አፌን ስከፍት በሩን አሳዩኝ።

በሩን ካሳዩኝ በኋላ የሆነውን እርስዎ ቢያውቁትም ጎረቤት እንዲሰማው እጽፈዋለሁ። ልጄን ሦስት ሳምንት ከቤት አላወጣኋትም። እኔ ስሠራ እሷ ከአጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ከጥለት በተረፈ ባለ ቀለም ክር ፊደል እንድታበጅ ተውኳት። መጀመሪያ በቀኟ ሞከረች፤ ክሩ ተበተነባት። በአራተኛው ቀን ግራ እጇ ከቀሚሷ ሥር ቀስ ብላ ወጣች፤ ቀይ ክር አነሣችና «ለ»ን አበጀች። እኔ ሥራዬን የምቀጥል መስዬ አቀረቀርሁ።

በዚያው ሰሞን የእርስዎን ውለታ የቀመሱ ሌሎች ቤቶችን ፍለጋ ወጣሁና የሌሊሳን እናትና የማቲን አባት አገኘሁ፤ የእነርሱም ልጆች ግራኝ ናቸው። የሀሌሉያ መምህርት ሄራንም ከሥራዬ እባረራለሁ ብላ እየፈራች ያየችውን ሁሉ ጽፋ ፈረመችልን። አቤቱታችንን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገባን። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሶሬሳ ሳይነግሩዎ፣ ከዊንጌት በታክሲ መጥተው፣ ልክ በጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ደረሱ። የማቲ እጅ በካልሲ ታስሮ አገኙት። መዝገባቸውን ገልጠው፣ እስክሪብቷቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ጥቂት ከጻፉ በኋላ፣ «ወይዘሮ ቡርቱካን፣ እኔንስ በየትኛው ወንበር ላይ ያስሩኛል?» አሉ። መምህርት ሄራን እንደነገረችኝ፣ እርስዎ በዚህ ጊዜ ሻይ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። እንግዳ አክባሪነትዎ ዝነኛ ነው።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ከደረሰዎ በኋላ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ምርጫ ተደረገ። ከሰማንያ ሦስት ድምፅ ሰባ አንዱን ያገኘሁ እኔ ነኝ። በግቢያችን ደንብ መሠረት ሰብሳቢው ሳይፈርም የርዕሰ መምህርቷ ዕቅድም ሆነ የዓመት ፈቃድ አይጸድቅም። ለገና ያቀረቡት የፈቃድ ጥያቄ ደርሶኛል። ጠረጴዛ ስለሌለኝ በሽመና ጉድጓዴ አፍ ላይ፣ ድንጋይ ጭኜበት፣ በክብር አስቀምጬዋለሁ።

ይቅር በል የሚሉኝ አሉ። ፓስተራችንም መክረውኛል፤ እየጸለይሁበት ነው፤ ግን እስካሁን አልመጣልኝም። ሀሌሉያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በግራ እጇ እየጻፈች ነው፤ እስከ «ቀ» ደርሳለች። ነገር ግን እርሳሱን ከማንሣቷ በፊት ዛሬም ዞር ብላ በሩን ታያለች። ያን ዞር ብሎ ማየት የሚያስተዋት ማስጠንቀቂያ የለም። ሌላው ሁሉ ተስተካክሏል፤ እሱ ግን በእርስዎና በእኔ መካከል እንዳለ ነው።

በመጨረሻም፣ ለግቢያችን ልጆች ሁሉ ሲል እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ በተለይ ዕድሜውን ያርዝምልዎ፤ ገና ብዙ ስብሰባ አለብን።

የእርስዎ ታዛዥ ያልሆነ፣ ነገር ግን ዘወትር አክባሪዎ፣
ይገዙ
ሸማኔ፣ የሀሌሉያ አባትና የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ

ማስታወሻ፦ የእርስዎ የዓመቱ የሥራ ምዘና ቅጽ ትናንት በእጄ ገብቷል። ሰዓት ያከብራሉ፣ ግቢውንም በንጽሕና ይይዛሉ፤ እነዚህን ሞልቻለሁ። «ሕፃናትን በርኅራኄ ይይዛሉ» ከሚለው ትይዩ ያለውን ሣጥን ግን ባዶ ትቼዋለሁ። ቅጹ የሚመለሰው በሰኔ ነው። አልቸኩልም፤ እርስዎም አይቸኩሉ።